የጋሽ ሙሄ ሜትር

ጠዋት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ አሊ ደውሎ «ሩቲ፣ ጋሽ ሙሄ ወደ አኼራ ሄዱ» ሲለኝ፣ እንደ ሰው «ምን ነካቸው?» ብዬ አልጠየቅኩም። «ተናገሩ ወይስ ሳይናገሩ?» ነው ያልኩት። የደሴ ዝናብ በእሱ በኩል ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማኛል። «ሳይናገሩ» አለኝ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ግን ጋሽ ሙሄን ሳልወቅስ ማስታወስ አልችልበትም፣ ሳልስቅም አልችልበትም። ክፉ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይሄኔ ረስቻቸው ነበር።

ከደሴ አራዳ ዝቅ ብሎ የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። አያታቸው ቆዳ ሊነግዱ ከየመን መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው ይባላል። እሳቸው ግን «እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ የመን የሰጠችኝ ምላሴን ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ያን ምላስ የቻለው ሰው አላየሁም። ጊዜው ሁሉ ነገር አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነበርና አንድ ቀን ከቀበሌ የመጣ ወጣት «እናንተ እንዴት ነው የተደራጃችሁት?» ብሎ ጠየቃቸው። «እኛ አንድ ለሁሉ ነን። አንዱ እኔ ነኝ» አሉት። ወጣቱ ጽፎ ሄደ።

እኔ የተቀጠርኩት ለሥዕል ነበር። ደንበኛ በስልኩ የአልጋ ራስጌ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ሐረጉን በኮምፒውተር እሥላለሁ፤ አናጢዎቹ ወረቀቱን እንጨት ላይ ለጥፈው በመሮ ይፈለፍላሉ። ጋሽ ሙሄ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ጴንጤዋ» ነበርኩ፤ ሲከፋቸው ደግሞ «የኮምቦልቻ ሙቀት ያዞራት»።

አንድ አናጢ በር ሠርቶ ማዕዘኑ ተዛነፈበት። ሌላ ባለቤት ቢሆን ተቆጥቶ ያስተካክል ይል ነበር። ጋሽ ሙሄ በሩን በሰኞ ገበያ ቀን አስፋልት ዳር አቆሙትና ሰውየውን ከጎኑ ገተሩት። «ለጠየቀህ ሁሉ 'ያጣመምኩት እኔ ነኝ' በል» አሉት። ሰውየው መጀመሪያ እየሳቀ አለ። ገበያተኛው እየበዛ ሲሄድ ሳቁ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ እንባውን በክንዱ እየጠረገ ይል ነበር፣ ማንም ሳይጠይቀው። በማግስቱ ሥራ ገባ። «ለምን መጣህ?» ብለው ሲስቁበት «ሌላ የት እንዲህ ያለ በር ይሠራል?» አለ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ የዛነፈ በር ሠርቶ አያውቅም።

አባቴ የሞተ ጊዜ ደግሞ ሳይጠሩ ኮምቦልቻ ድረስ ወርደው መጡ። አስከሬኑን ከበር ላይ ቆመው አንዴ አዩት፤ ሜትር አላወጡም። ሣጥኑን ያን ዕለት በራሳቸው እጅ ሠርተው አመጡ፣ ልክክ አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሲያመሰግኗቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። በሠልስቱ ሥራ ስገባ «አባትሽ አጭር ሰው ነበሩ፤ እንጨት አላስቸገሩም» አሉኝ። ሁለቱም የእሳቸው ናቸው፣ እንባውም ቃሉም።

አሁን ወደ ሜትሩ ልምጣ። በዚያ ቤት አዲስ ሠራተኛ ሲገባ የራሱን ሜትር ያስረክባል። «በዚህ ቤት የሚሠራ በዚህ ቤት ሜትር ይለካል» ይሉታል። ከዚያ መጋዙም መላጊያውም ይቆምና ሠራተኛው ሁሉ ይሰበሰባል። ጋሽ ሙሄ ከመሳቢያቸው አንድ ቢጫ ሜትር ያወጣሉ፣ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ «ቢስሚላህ። አላህ ዓይንህን ያብራልህ፣ እጅህን ያቅናልህ።» ሁሉም «አሚን» ይላል። አዲሱ ሰው ሜትሩን በሁለት እጁ ይቀበላል።

ሜትሩ ውሸታም ነው። ጫፉ ላይ እንጨት የምትነክሰዋን የብረት ጥፍር ራሳቸው ነቅለው፣ ሦስት ሚሊ ወደ ውጪ ገፍተው፣ መልሰው መትተዋታል። በዚያ ሜትር የለኩት ነገር ሁሉ ሦስት ሚሊ የጎደለ ይመስላል። አዲሱ ሰው አንድ ሳምንት አለው። ስህተቱ ከሜትሩ መሆኑን ደርሶበት በሰው ፊት ከተናገረ ምሳ ይጋበዛል፣ ትክክለኛው ሜትር ይሰጠዋል፣ ላዲስ ገቢ እንዳይነግርም «ወላሂ» ብሎ ይምላል። ካልደረሰበት ሳምንቱ ሲሞላ ሁለቱን ሜትር ጎን ለጎን ዘርግተው ያሳዩታል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ ሰውየው ኮቱን ይዞ ይወጣል። «ሜትሩን የማይጠረጥር እንጨት አይንካ» ይሉ ነበር። ዱዓ የተደረገበትን ነገር የሚጠረጥር ሰው ደግሞ በወሎ ምድር ከየት ይመጣል? ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነበር። ለእኔ ሜትር አልሰጡኝም፤ አላስማሉኝምም። «አንቺ ማውዝሽን ያዢ» ነው ያሉኝ።

እንድሪስ በክረምት መግቢያ መጣ፣ ማሽኑን በአይሱዙ ጭኖ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ። የኮምቦልቻ ሰው ነው፣ ኤሌክትሪክ ተምሯል። ሲኤንሲ የሚሉትን በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ከየቦታው በለቃቀመው ዕቃ እቤቱ ጓዳ ውስጥ ራሱ ገጣጥሞታል። አልጋ የሚያክል ጠረጴዛ ነው። ላዩ ላይ ሐዲድ አለ፤ በሐዲዱ ላይ የሚቆፍረው ሞተር በቺንጋ እየተጎተተ ወዲያ ወዲህ ይላል። እኔ የሣልኩትን ሐረግ ማሽኑ እንጨት ላይ ይፈለፍለዋል። ጋሽ ሙሄ ዞረው ዞረው አዩትና «ይሄ ፍጡር ምን ይበላል?» አሉ።

«መብራት ነው ጋሼ።»

«እንግዲያ ደሴ ላይ በረሃብ ይሞታል።»

ሁሉም ሳቀ፣ እንድሪስም ሳቀ። ሳቂታ ነበር ያኔ። ሥራ ብቻ ፈልጎ እንዳልመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዘሃራ የምትባል የደሴ ልጅ አጭቷል። አባቷ ከጋሽ ሙሄ ጋር በአንድ መስጊድ የሚሰግዱ ሰው ናቸው፤ ለተላኩት ሽማግሌዎች «ሙሄ 'ሰው ነው' ካለኝ ልጄን እሰጠዋለሁ» ብለው መልሰዋል። እንግዲህ የእንድሪስ ትዳር በጋሽ ሙሄ አፍ ላይ ነበር። ሥራው ተዘጋጅቶለታል፤ ቢስቲማ ከተማ ላይ ለአንድ መስጊድ የሴቶች መስገጃ ግርዶሽ። በሁለት ምሰሶ መካከል የሚደረደሩ የተቀረጹ የዋንዛ ሰሌዳዎች ናቸው። ሐረጉ ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ስለሚሻገር፣ ከጫፉ አንዲት ክር ብትላግ ይበላሻል።

ሜትሩን ተቀበለ። ዱዓ ተደረገ። «አሚን» አልን፤ እኔም አልኩ፣ የምስቅበትን አፌን በሻርፔ ሸፍኜ።

መጀመሪያ በኮምፔንሳቶ ሞከረ። ማሽኑን አርባ ሳንቲም አዘዘው፣ በሜትሩ ለካው፣ አርባ ሆነ። ጋሽ ሙሄ የራሳቸውን ሜትር አውጥተው ለኩና «ሦስት ሚሊ ጎድሏል» አሉ። እንድሪስ ደግሞ ለካው፣ አርባ። «ወይ ዓይንህ ታሟል ወይ ማሽንህ» አሉት። አናጢዎቹ ተጠቃቀሱ። ውሸታሙ ሜትር ሥራውን ጀምሯል አልን።

ከዚያ ወዲያ እንድሪስ ከማሽኑ ጋር ተያያዘ። ቺንጋውን አጠበቀ፣ ደግሞ ላላ አደረገው። ሐዲዱን ፈትቶ አቀና። ኮምፒውተሩ «አንድ ሚሊ ሂድ» ሲለው ሞተሩ ስንት እርምጃ እንደሚረግጥ እየቆጠረ ቁጥሩን ቀየረ፣ መለሰ። የሚቆፍረውን ብረት አፍ ለካ። መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛው ሥር ተኝቶ ብሎን ይነካካል። በየቀኑ አራት ማዕዘን ኮምፔንሳቶ ይቆርጣል፣ ጋሽ ሙሄ በየቀኑ «ሦስት ሚሊ» ይላሉ። የወደቁትን ቁራጮች መሃላቸውን በስተው በሽቦ ሰክተው እንደ መቁጠሪያ ማሽኑ ላይ አንጠለጠሉለት። «የማሽንህ ሙስበሃ ነው፤ ሲጎድልበት ይቁጠር» አሉት። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሙስበሃውን እያነሱ ያሳዩ ነበር።

ሳምንቱ ሞላ። ሁለቱን ሜትር ይዘረጋሉ ብለን ስንጠብቅ አልዘረጉም። አሊ ቀስ ብሎ ሲጠይቃቸው «ተወው፣ ይህኛው ይብሰል» አሉት። ልቤ የጠላቸው ያኔ ነው። ደንባቸው ክፉ ነበር፣ ግን ደንብ ነበር፤ አሁን እሱንም ጣሱት። እኔ ደግሞ አልማልኩም። ምሳ ሰዓት ላይ እንድሪስን ጠራሁትና «ሜትር ጠርጥር» አልኩት።

«ዱዓ የተደረገበትን?» ደነገጠ። «ፓስተርሽ የጸለየበትን ነገር ትመረምሪያለሽ?»

«የጋሽ ሙሄን ዱዓ ግን እመረምራለሁ።»

ሙስበሃውን አየ። ሞኝ አልነበረም። «አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «ስህተቱ አያድግም። ስንዝር ላይም ሦስት ሚሊ፣ ሜትር ላይም ሦስት ሚሊ። ቺንጋው ወይ የሞተሩ እርምጃ ቢሆን በረዘመ ቁጥር ይብስ ነበር። የማያድግ ስህተት የማሽን አይደለም።»

«የምንድን ነው ታዲያ?»

«የመለኪያ» አለና አፉን በእጁ ያዘ። «ወይ የኔ ነው ወይ የእሳቸው።»

«እንግዲያ ሂድና ጎን ለጎን ዘርጋቸው።»

«የሽማግሌ ሜትር ላመሳክር? ነገ ለአማቴ ይመሰክሩልኛል የምላቸውን ሰው 'ያምጡ ልየው' ልበል?» ራሱን ነቀነቀ። «ይቅር ሩት። እሳቸው ልክ ካሉት ልክ ነው። ሥዕሉ ላይ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ሦስት ሚሊ ጨምሪልኝ።»

ጨመርኩ። ማሽኑ ዋንዛውን ቆረጠ፣ ቀረጸ፤ እንዲያ ያለ ሐረግ ከዚያ በፊት አላየሁም። ጋሽ ሙሄ እያንዳንዱን ለኩ። «አሁን ልክ ነው። ድሮውንስ ምን ያንቀዋልልህ ነበር?» አሉት። የእንድሪስ ፊት በራ። ለዘሃራ ሲደውል ሰማሁት።

ቢስቲማ የሄዱት ጋሽ ሙሄ፣ አሊና እንድሪስ ናቸው። የሆነውን የነገረኝ አሊ ነው። የመስጊዱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሰሌዳዎቹን ከቀኝ ምሰሶ ጀምሮ ደረደሩ። የመጨረሻው አልገባም። በየሰሌዳው የተጨመረው ሚሊ ተደማምሮ ጣት የሚያክል ሆኗል። ጋሽ ሙሄ ሰሌዳውን ለኩ፣ ልክ ነው። እንድሪስ ለካ፣ ሦስት ሚሊ ተርፏል። ምሰሶውን የሠራው ግንበኛ የራሱን ሜትር ከኪሱ አወጣ፤ ከእንድሪስ ጋር ተስማማ። አሊ ሦስቱንም ሜትር መሬት ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ጥፍሯ የተገፋችው በጋሽ ሙሄ ሜትር ላይ ነበረች።

ዓይናቸው ደክሞ ኖሯል። የዱዓው ቀን ከመሳቢያው ሁለት ቢጫ ሜትር አውጥተው እውነተኛውን ለእንድሪስ ሰጡ፣ ውሸታሙን ለራሳቸው ያዙ። ሁላችንም ደግሞ አላሰብንም። እንድሪስ በውሸታሙ ለክቶ ቢሆን ኖሮ ሥራው በጋሽ ሙሄ ሜትር ይተርፍ ነበር እንጂ አይጎድልም። ድሮ ሬሳ በዓይናቸው የሚለኩ ሰው ይሄን ሳምንታት ሙሉ አላዩትም።

አሊ እንደሚለው እዚያው ገባቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው፤ «ተሳሳትኩ» ማለት። ቀና ብለው ሽማግሌዎቹን አዩና «ይሄ ሰው ሜትሬን ለውጦብኛል» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ወደ አሊ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ውሻ በበላበት ይጮኻል። አሊ መሬት መሬት አየ።

እንድሪስ አልጮኸም። «ጋሼ፣ ዱዓ ያደረጉበት እኮ ነው» ብቻ አለ።

በማግስቱ ማሽኑ አስፋልት ዳር ወጣ፣ ያ በር የቆመበት ቦታ ላይ። የደሴ ክረምት ወረደበት። እንድሪስ የሚጭንበት መኪና እስኪያገኝ ሞተሮቹ ውሃ ጠጡ፣ ሐዲዱ ዛገ። ሙስበሃው አብሮት ተንጠልጥሎ ነበር። የዘሃራ አባት ሽማግሌዎቹን መለሱ። ደሴ ላይ ስሙ «ሜትር ለዋጩ» ሆነ፤ ባጃጅ ነጂ ሳይቀር እየጠራ ያልፍ ነበር። ጋሽ ሙሄ ግርዶሹን እንደገና በእጃቸው ሠሩት፣ በዚያ በደከመ ዓይን። ቢስቲማ ሄጄ አይቸዋለሁ፣ ውብ ነው። መናገር የሚያስጠላኝም ይሄው ነው። እኔ በዚያው ወር ለቅቄ ኮምቦልቻ ገባሁ።

እንድሪስም ኮምቦልቻ ሞተር መጠቅለል ጀመረ። የእኔ የሠርግ ካርድ ማተሚያ ከእሱ ሱቅ ጎን ነው። ዓመታት አለፉ፤ ዘሃራ ሌላ አግብታ ወለደች፤ እሱ አላገባም። ሳቁም አልተመለሰም። ባለፈው ሳምንት አሊ መጣ። ጋሽ ሙሄን ግማሽ አካላቸውን መቷቸዋል፣ ሐኪሞቹ እቤት ይቆዩ ብለዋል፣ ለእንድሪስ «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ብለው ልከዋል። እንድሪስ እጁን በቤንዚን ታጠበ፣ ሸሚዝ ቀየረና «አንቺም ነይ» አለኝ። ሐረጎን ስንወጣ አንድ ቃል አልተናገረም።

የድሮ አናጢዎች በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሙሄ አልጋው ላይ ጠበው ነበር፤ ሂናው ከጢማቸው ለቋል። እኔን አይተው በተጣመመ አፋቸው «ጴንጤዋ፣ ለእኔም ሣጥን ይዘሽ መጣሽ?» አሉ። ከዚያ እንድሪስን ፈለጉት። «ልጄ፣ አፉ በለኝ።»

«ለምኑ ጋሼ?»

«ለሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ልክ የለም» አለ እንድሪስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሜትሩን ማን እንደለወጠ በእነዚህ ሰዎች ፊት ይበሉት፣ አሁኑኑ አፉ እላለሁ። ሌላ አልፈልግም።»

አሊ «አብሽሩ ጋሼ፣ አንዲት ቃል ናት» አላቸው። ጋሽ ሙሄ ዓይናቸውን ወደ ጣራው መለሱ። «ሰው ሊሞት ነው እኮ፣ አንተ» አሉ።

እንድሪስ ከኪሱ ቢጫ ሜትር አወጣ፤ ያኔ በሁለት እጁ የተቀበለውን። ደረታቸው ላይ አስቀመጠላቸው። መዳፉን ዘረጋ። «ቢስሚላህ። አላህ ዓይንዎን ያብራልዎ፣ እጅዎን ያቅናልዎ።»

በግድግዳው ዙሪያ ያሉት፣ ሳያስቡት፣ «አሚን» አሉ።

«በቤቱ ደንብ ሳምንት አለዎት» ብሎ ተነስቶ ወጣ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ይቅርታ በየእሁዱ ይሰበካል። መንገዱን ሙሉ «ተው» ልለው ፈልጌ ነበር፣ ግን ያ ሙስበሃ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

አሊ አጠገባቸው ሰነበተ። በደህናው እጃቸው ሜትሩን ይስቡታል፣ ይለቁታል፣ ጣ ብሎ ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ እንዲያ። ሁለት ጊዜ «ሰዎቹን ጥራቸው» ብለው አሊ ሲነሳ «ቆይ» አሉት። በመጨረሻዋ ማታ ደግሞ «ሳምንቱ መቼ ነው የሚሞላው?» ብለው ጠየቁት። «ነገ ወዲያ» አላቸው። «እንግዲያማ ጊዜ አለኝ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ለሱብሒ ሶላት ሊቀሰቅሳቸው ሲገባ ሜትሩ እጃቸው ውስጥ ነበር።

ወደ ቀብሩ ወንዶቹ ሄዱ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር እቤት ቀረሁ። አሊ እንደነገረኝ፣ ኢማሙ በደንቡ መሠረት «ሙሄ የበደለው ሰው ካለ አፉ ይበለው» ሲሉ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አፉ ብለናል» አለ። እንድሪስ ከፊት ቆሟል፤ ከንፈሩ አልተነቃነቀም። ኢማሙ አይተውታል። «አንተስ ልጄ?» አሉት።

«ሳምንቱ አልሞላም» አለ። ጎንበስ ብሎ እንደ ሰው ሁሉ አፈር አለበሰ።

በማግስቱ ሱቁን ከፍቶ የወፍጮ ሞተር ሲጠቀልል አገኘሁት። አጠገቡ ቆሜ ብዙ ነገር አሰብኩ፤ የአባቴን ሣጥን፣ ያን በር፣ ዝናብ የመታውን ማሽን። «እንድሪስ፣ ሳምንቱ ዛሬ ሞላ» አልኩት።

የመዳብ ሽቦውን ሳይለቅ ቀና ብሎ አየኝ።

«ታዲያ ምን አሉ?» አለኝ።